ሠላሳ እጅ ለነፍስ፣ ሰባ እጅ ለሥጋ

ከጣርማ በር ወደ መሐል ሜዳ የሚወስደውን መንገድ የያዘ መንገደኛ መዘዞን ሳያይ አያልፍም። ብርዷ ከቤቶቿ ቀድሞ ይቀበለዋል። በዚህች የደጋ ከተማ «ድንጋይ» የሚለው ቃል ሦስት ትርጉም አለው። አንደኛው ማንም የሚያውቀው፣ ማሳ ሞልቶ ገበሬውን የሚያማርረው ነው። ሁለተኛው በ1980ዎቹ አጋማሽ የአካባቢውን ስም በዓለም የጌጥ ድንጋይ ገበያ ያስጠራው ኦፓል ነው፤ ላዩ ቡናማ ሆኖ ሲሰበር ውስጡ የቀስተ ደመና ቀለም የሚረጭ። ሦስተኛው ኦፓሉ ስም ሳያወጣ በፊት በየሱቁ መደርደሪያ ላይ የነበረው የራዲዮ ድንጋይ ነው። የዛሬው ጨዋታዬ በዚህ በሦስተኛው ድንጋይ ጉልበት ወደ ደጋው ሰው ቤት ስለገባ አንድ ድምፅ ነው።

ድምፁ የብሥራተ ወንጌል ራዲዮ ጣቢያ ነው። በዕድሜ የገፉ አንባቢያን ስሙን ሲያዩ ፈገግ ማለታቸው አይቀርም። እንደ እኔ ጣቢያው ከጠፋ ከብዙ ዓመት በኋላ ለተወለደ ሰው ግን ብሥራተ ወንጌል ከአባቶች ጨዋታ መሐል ብቅ ብሎ የሚጠፋ ስም ነው። ጣቢያው የሉተራውያን ነበር። መዘዞና ዙሪያዋ ደግሞ ታቦት አክባሪ፣ ጾም ጠባቂ፣ ስንክሳር አድማጭ አገር ነው። በዚያ ዘመን «ሚሲዮን» የሚለው ቃል በገጠር ሲነሣ ፊት የሚያስቋጥር ቃል ነበር። ታዲያ የሚሲዮን ራዲዮ በየት በኩል ገባ?

ይህንኑ አንድ የመዘዞ አዛውንት ጠየቅሁ።

«አባባ፣ ብሥራተ ወንጌልን ይሰሙ ነበር?»

«እንዴታ! ሰዓታችንን የምንሞላው በእሱ አልነበረም?»

«የማን እንደነበረ ያውቁ ነበር?»

«የሚሲዮን ነው ይባል ነበር። እኛ የምንሰማው ዜናውን ነው፣ ልጄ።»

«ስብከቱ ሲመጣስ ይዘጉት ነበር?»

ትንሽ አሰቡ። «ድንጋዩ እንዳያልቅ እንዘጋዋለን እንል ነበር። ግን እስክንነሣ ያልቃል፤ አጭር ናት። ደግሞስ ምን ክፉ ነገር ተናገረች?»

እኚህ ሰው እስከ ዛሬ የሰበካቸውን ደብር ሳያስቀድሱ የማይውሉ ናቸው። ብሥራተ ወንጌል አላስኮበለላቸውም። ነገር ግን ዜናውን ለመጠበቅ ሲሉ ያቺን አጭር ቃል ለዓመታት ሰምተዋታል። ይህ «ለመጠበቅ ሲሉ» የሚለው ነገር ነው ብዕሬን ያስነሣኝ።

በመጀመሪያ ግን አንድ ነገር እናጥራ። አጭር መንፈሳዊ ቃል ዕለት ዕለት መስማትን ፈረንጅ ከራዲዮ ጋር ጭኖ ያመጣልን የሚመስለው ካለ ስንክሳርን ረስቷል። ስንክሳር ለዓመቱ ቀናት ሁሉ የተደለደለ፣ የዕለቱን ቅዱስ ታሪክ በአጭሩ ነግሮ በአርኬ የሚዘጋ መጽሐፍ ነው። ወደ ግዕዝ የተመለሰው በ14ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ ከዐረብኛ ነው። ገበሬው ግዕዙ ባይገባው እንኳ የዕለቱ ባለቤት ማን እንደሆነ ያውቃል። ቀኑ ስንት ነው ሲሉት «ሚካኤል ነው» ብሎ የሚመልስ ሕዝብ፣ በራዲዮ ሰዎች ቋንቋ እናውራ ካልን፣ የፕሮግራሙን ማውጫ በቃሉ የያዘ አድማጭ ነው።

ሰሜን ሸዋ በዚህ በኩል የራሱ የሆነ ታሪክም አለው። ሰማይ ላይ ብርሃን ታየ ተብሎ ደብረ ብርሃንን ያቀኑት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ (1426-1460 ዓ.ም.) ለእመቤታችን ሠላሳ ሦስት በዓላት ሠርተው ተአምረ ማርያም በየቤተ ክርስቲያኑ እንዲነበብ ያዘዙ ንጉሥ ናቸው። ተአምሩም አጭር ነው። አንድ ሰው አለ፣ አንድ ጭንቅ ይመጣበታል፣ አንድ መውጫ ያገኛል። ለራዲዮ መጻፍን የሚያስተምሩ ሰዎች ዛሬም ከዚህ የተሻለ ምክር የላቸውም። ንጉሡ ጣቢያ ነበራቸው ማለቴ አይደለም። ነገር ግን አንድ ዓይነት ቃል በአንድ ቀን፣ በአገሩ ሁሉ፣ ለሊቁም ለመሃይሙም ሲነበብ ምን ዓይነት ጉልበት እንደሚኖረው የተረዱ ነበሩ። ይህንን የተረዳ መንግሥት ከአምስት መቶ ዓመት በኋላም እናገኛለን።

አሁን ወደ ራዲዮው እንምጣ። ራዲዮ ገና በእንፉቅቁ ሳለ ነው ሃይማኖት የያዘው። በአሜሪካ ፒትስበርግ የሚገኘው ኬዲኬኤ የተባለው ጣቢያ መደበኛ ሥርጭት በጀመረ በሁለት ወሩ፣ እ.ኤ.አ. ጥር 2 ቀን 1921፣ የአንድ ቤተ ክርስቲያን የእሑድ ጸሎት አስተላለፈ። እ.ኤ.አ. በ1931 ቫቲካን የራሷን ጣቢያ ከፈተች፤ ማርኮኒ ራሱ ነው የተከለላት። በዚያው ዓመት በኢኳዶር ዋና ከተማ በኪቶ የወንጌላውያን ጣቢያ ሥራ ጀመረ። በ1954 ደግሞ በላይቤሪያ ኤልዋ የተባለው ጣቢያ ተከትሎ መጣ። እነዚህ ጣቢያዎች በአመዛኙ የሚሰብኩ ነበሩ። የሰባኪ ጣቢያ ችግሩ የታወቀ ነው፤ አስቀድሞ ያመነውን ያጽናናል፣ ሌላው ግን ማዞሪያውን አዙሮ ያልፈዋል።

እንግሊዞች ሌላ መንገድ ያዙ። ቢቢሲ እ.ኤ.አ. በ1939፣ ጦርነቱ በፈነዳበት ዓመት፣ «ልባችሁን አንሡ» የሚል የአምስት ደቂቃ የማለዳ ንግግር ጀመረ። ስሙ በእኛም ቅዳሴ ካህኑ ለምእመናን የሚያቀርበው ጥሪ ነው። የዚህ ዝግጅት ልጅ ከ1970 ጀምሮ «የዕለቱ ሐሳብ» በሚል ስም ይተላለፋል። ርዝመቱ ሦስት ደቂቃ እንኳ አይሞላም። የሚገርመው አጭርነቱ አይደለም፤ የተቀመጠበት ቦታ ነው። የተቀመጠው በማለዳው የዜና ዝግጅት መሐል፣ ሚኒስትሮች አፋጣጭ ጥያቄ በሚቀርብላቸው ሰዓት ነው። አድማጩ የፖለቲካውን ሙግት ሲከታተል ሳያስበው ስለ ይቅርታ ወይም ስለ ሞት አንድ ነገር ጆሮው ይገባል፤ ወዲያው ደግሞ ወደ ሙግቱ ይመለሳል። አጭሯ ቃል ክብሯን የምታገኘው ከጎረቤቶቿ ነው ማለት ነው።

ብሥራተ ወንጌል ይህንን ነገር በደንብ ደረጃ ያጸና ጣቢያ ነበር። የሉተራን ዓለም ፌደሬሽን እ.ኤ.አ. በ1947 ስዊድን ውስጥ ሉንድ ላይ የተመሠረተ ማኅበር ነው። ለአፍሪካና ለእስያ የሚደርስ ጣቢያ የመትከሉ ሐሳብ ማኅበሩ በ1957 ሚኒያፖሊስ ላይ ካደረገው ጉባኤ በኋላ መልክ ያዘ። ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ መንግሥት ፈቃድ የተገኘው በ1952 ዓ.ም. ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ጣቢያውን መርቀው የከፈቱት የካቲት 19 ቀን 1955 ዓ.ም. ነው። ከሦስት ወር በኋላ በዚችው ከተማ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ይመሠረታል። አዲስ አበባ በዚያ ዓመት የአህጉር መናገሻ ልትሆን ቀሚሷን ታስተካክል ነበር ብል ማጋነን አይሆንም። ንጉሠ ነገሥቱ የዓለም ጆሮ የሚያዳምጠው ጣቢያ በደጃቸው መተከሉን ለምን እንደወደዱት መገመት አይከብድም።

ገጃ ላይ የተተከሉት ሁለቱ የአጭር ሞገድ ማሰራጫዎች እያንዳንዳቸው 100 ኪሎዋት ነበሩ። ለአዲስ አበባና ለዙሪያው ደግሞ በመካከለኛ ሞገድ የሚሠራ አነስ ያለ ማሰራጫ ነበር። ከአማርኛ ሌላ በዐረብኛ፣ በስዋሂሊ፣ በማላጋሲ፣ በፋርስ፣ በህንድ አገር ቋንቋዎች፣ በማንዳሪን ቻይንኛ፣ በፈረንሳይኛና በእንግሊዝኛ ይተላለፍ ነበር። አሠራሩ ደስ ይላል። የየአገሩ ሰው በየአገሩ ባለው ስቱዲዮ ዝግጅቱን በክር ይቀዳል፤ ክሩ በአውሮፕላን አዲስ አበባ ይመጣል፤ ከገጃ ሰማይ ላይ ወጥቶ ወደተቀዳበት አገር ይመለሳል። የካሜሩን ፉላኒ አርብቶ አደር በቋንቋው የሚሰማው ቃል ንጋውንዴሬ ከተማ ተቀድቶ፣ አፍሪካን አቋርጦ፣ በእኛ አገር ደጋ በኩል ዞሮ የመጣ ነበር። ከጣቢያው መሪዎች መካከል ኖርዌጃዊው ሲጉርድ አስኬና ስዊድናዊው ማንፍሬድ ሉንድግሬን ስማቸው ይነሣል።

የጣቢያው ዋናው ምሥጢር ግን ማሰራጫው አልነበረም፤ ሒሳቡ ነበር። ከሥርጭቱ ሠላሳ እጁ ለመንፈሳዊ ዝግጅት፣ ሰባ እጁ ለዜና፣ ለትምህርት፣ ለጤና፣ ለእርሻ፣ ለሙዚቃና ለመሳሰለው እንዲሆን ተወሰነ። ሚሲዮን ገንዘብ አዋጥቶ፣ ጣቢያ ሠርቶ፣ ከዚያ አብዛኛውን ሰዓት ስለ ከብት በሽታና ስለ ዓለም ዜና ሲያወራ አስቡት! ከወንጌላውያኑ ወገን ሠላሳው አነሰ ብለው የሚያጉረመርሙ መኖራቸው የሚጠበቅ ነው። እኔ ግን ሠላሳው ያን ያህል የተሰማው ሠላሳ ብቻ ስለነበረ ነው ባይ ነኝ።

ይህ የሠላሳና የሰባ ነገር ለሸዋ እንግዳ አይደለም። ከመዘዞ ተነሥተን በሐሳብ ወደ አንኮበር ብንወርድ እ.ኤ.አ. በ1839 ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ግቢ የገቡትን ሁለት ጀርመናውያን ሚሲዮኖች እናገኛለን፤ ኢዘንበርግንና ክራፕፍን። ሁለቱም ሃሳባቸው ወንጌል ማስተማር ነበር። የንጉሡ ሐሳብ ደግሞ ሐኪም፣ የእጅ ባለሙያና ጠመንጃ ነበር። ኢዘንበርግ ቶሎ ተመለሰ። ለንደን ገብቶ የአማርኛ መዝገበ ቃላትና ሰዋስው፣ ይባስ ብሎም በአማርኛ የተጻፈ የጂኦግራፊ መጽሐፍ አሳተመ። ክራፕፍ ሦስት ዓመት ያህል ሰነበተ። በ1842 ከሸዋ ከወጣ በኋላ ግን ተመልሶ እንዳይገባ በሩ ተዘጋበት። ምክንያቱ ብዙ ነው፤ የካህናቱም የፖለቲካውም እጅ አለበት። ቢሆንም ንጉሡ ሰባውን ሲጠብቁ ሠላሳው ብቻ እንደመጣባቸው ማየት ይቻላል። ዐፄ ቴዎድሮስ በበኩላቸው ጋፋት ላይ ያሰፈሯቸውን ሚሲዮኖች መድፍ አስቀልጠው አሠርተዋቸዋል። የዚያን ጊዜው ሒሳብ ዜሮና መቶ ነበር! እንዲህ ስንመለከተው ብሥራተ ወንጌል የተለየው ሁለቱን በጽሑፍ፣ በልክ፣ በአንድ ማዕድ አቀርባለሁ ብሎ በመነሣቱ ነው።

የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያንም ይህንኑ ጉዳይ አንሥታለች። ግንቦት 1 ቀን 1964 ዓ.ም. ለሉተራን ዓለም ፌደሬሽን የጻፈችው ደብዳቤ በዓለም አብያተ ክርስቲያናት ዘንድ እስከ ዛሬ ይጠቀሳል። ፍሬ ነገሩ የምዕራብ ለጋሾች ለልማት እጃቸውን ሲዘረጉ ለስብከት ይሰበስቡታል፤ ሰው ግን ነፍሱና ሥጋው ለየብቻ የሚመዘን ፍጡር አይደለም የሚል ነው። በደብዳቤው ውስጥ ስማቸው ከሚነሣው አንዱ ዋና ጸሐፊው ጉዲና ቱምሳ ናቸው። የነገሩን ምጸት ልብ በሉልኝ። በራዲዮው በኩል ሠላሳው ለምን አነሰ የሚል ማጉረምረም አለ፤ በገንዘቡ በኩል ደግሞ ሰባውን ብቻ እንረዳለን የሚል ለጋሽ አለ። ሁለቱ በአንድ ቤት ውስጥ ናቸው።

እስቲ ደግሞ ስለ አጭሯ ቃል አሠራር ትንሽ ልበል። እኔ በጋዜጠኝነት ዲፕሎማዬን ከያዝሁ በኋላ ለአንድ የኤፍ ኤም ጣቢያ ለጥቂት ወራት አጫጭር ጽሑፍ ጽፌያለሁ። መንፈሳዊ አልነበሩም፤ ስለ ኑሮ ነበሩ። ቢሆንም ችግሩ አንድ ነው። አማርኛ ግሱን የሚያስቀምጠው መጨረሻ ላይ ነው። በጽሑፍ ይህ ውበት ነው፤ አንባቢ ዓይኑን መልሶ ያነባል። በራዲዮ ግን፣ ያውም ሞገዱ እንደ ባሕር በሚወጣና በሚወርድበት በአጭር ሞገድ፣ ረዥም ዐረፍተ ነገር አደጋ ነው። ሰውየው መጣ ወይስ ቀረ የሚለው ሳይሰማ ድምፁ ይሰጥማል። አድማጩ «አባትየው ልጁን» ድረስ ሰምቶ ይቅር ይበለው ይርገመው ሳያውቅ ሊያድር ይችላል። ስለዚህ ለአጭር ሞገድ የሚጽፍ ሰው ግሱን ቶሎ ቶሎ ማምጣት አለበት። ቃሉም ያጥራል፤ ቃሉ ሲያጥር ደግሞ ከመድረክ ስብከት ይልቅ የጎረቤት ጨዋታ ይመስላል።

ሁለተኛው ችግር ማንን ነው የምናነጋግረው የሚለው ነው። እንግሊዝኛ አንድ ቃል ይበቃዋል። እኛ አንተ፣ አንቺ፣ እርስዎና እናንተ አለን። ዜና አንባቢ ከዚህ ጣጣ ነፃ ነው፤ ስለ ሦስተኛ ወገን ይናገራል። የእርሻ ዝግጅት «ገበሬው እንዲህ ያድርግ» ብሎ ያመልጣል። ሰውን ሊያጽናና የተነሣ ግን ማምለጫ የለውም። «እናንተ» ካለ ዐውደ ምሕረት ላይ ወጣ ማለት ነው። «አንተ» ካለ በምድጃው ዳር የተቀመጡትን እናት ዘለላቸው፤ ከዚያም ብሶ አባወራውን ደፈረ። «እርስዎ» ካለ ልጆቹ የእኛ አይደለም ብለው ወደ ጨዋታቸው ይሄዳሉ። መውጫው ታሪክ መንገር ነው፤ «አንድ ሰው ነበረ» ማለት። ስንክሳሩም ተአምሩም ያደረጉት ይህንኑ ነው። ለአንድ ለማይታይ አድማጭ፣ ዕድሜውም ፆታውም ለማይታወቅ፣ ሳይደፍሩና ሳይርቁ መናገር በአማርኛ ከባድ ሥራ ነው። በዚህ ሥራ የተሳካላቸው የዚያ ዘመን ጸሐፊዎች የሚገባቸውን ምስጋና አግኝተዋል አልልም።

መንደርተኛው ራዲዮ ሊኖረው የቻለውም በዚያው ሰሞን ነው። እ.ኤ.አ. በ1954 ገበያ የወጣው ትራንዚስተር ራዲዮ መብራት በሌለበት አገር በድንጋይ የሚሠራ፣ በትከሻ የሚንጠለጠል ዕቃ ሆኖ መጣ። መዘዞን ለመሰለ አገር ይህ ትልቅ ነገር ነበር። ራዲዮ ያለው ሰው ቤት ማታ ማታ ይሞላል። ድንጋዩ ሲደክም ፀሐይ ላይ ይሰጣል፤ ትንሽ ነፍስ ይዘራል ይባል ነበርና። አንድ ራዲዮ የብዙ ሰው ነው ማለት፣ ማዞሪያውን የያዘው ሰው የመንደሩ የፕሮግራም ኃላፊ ነው ማለት ነው። እሱ ደግሞ ዜና ፈላጊ ነው። የዛሬው የጆሮ ማዳመጫ ዘመን ልጅ ይህንን ካላሰበ ብሥራተ ወንጌል እንዴት እንደተሰማ አይገባውም።

መጋቢት 3 ቀን 1969 ዓ.ም. ቅዳሜ ነበር። ጥር 26 ቀን ጄኔራል ተፈሪ በንቲ ተገድለው ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ሥልጣኑን ጠቅልለው ከያዙ ገና አንድ ወር ከጥቂት ቀን ነው። በየመንገዱ ሬሳ የሚያድርበት ዘመን እየመጣ ነው። በዚያ ቅዳሜ ወታደሮች ጣቢያውን ያዙት፤ ብሥራተ ወንጌል ተወረሰ፤ ስሙም የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ድምፅ ተባለ። ደርግ ጣቢያውን ለምን ፈለገው? መልሱ ቀላል ይመስላል፤ ሁለት መቶ ኪሎዋት ዝም ብሎ የሚተው ነገር አይደለም። ከሶማሊያ ጋር ጦርነት በደጅ ነበርና በዐረብኛም በሌላም ቋንቋ የሚጮህ አፍ ያስፈልገዋል። እኔ ግን ደርግ ከማሰራጫው ሌላ የፈለገው ነገር ነበር እላለሁ፤ ያንን የተለመደ ማዞሪያ። ሕዝቡ እጁን የለመደበትን ቁጥር። ለአሥራ አራት ዓመታት በዜናና በሰዓት የተገነባ እምነት ከዕቃው ጋር አብሮ የሚወረስ መስሎት ነበር።

የተወረሰው ሕንፃው፣ ማይክሮፎኑና ማሰራጫው ነው። ሒሳቡ ተገለበጠ። ሠላሳው ጠፋ፤ ሰባው መቶ ሆነ፤ እሱም ሰባነቱን ለቅቆ። የሚገርመው አጭሯ ቃል ቅርጿ አልጠፋም። በዜናና በሙዚቃ መሐል አንድ ሰው ድምፁን ከፍ አድርጎ አንድ ሐሳብ ይናገራል፤ መፈክር ይባላል። በየዕለቱ ይደጋገማል፣ አጭር ነው፣ ለሁሉም ነው። ከስንክሳር የሚለየው አንድ ሰው፣ አንድ ጭንቅ፣ አንድ መውጫ የሌለው መሆኑ ነው። «እናንተ» ብቻ አለበት። የጉዲና ቱምሳ ነገርም በዚያው ዘመን ነው የተፈጸመው፤ ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. ታፍነው ተወሰዱ፤ በዚያው ተገደሉ። አፅማቸው የተገኘው ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው።

አድማጩ ታዲያ ወዴት ሄደ? ሁለት ቦታ ሄደ። የጀርመን ድምፅ የአማርኛ ክፍል ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ ከኮሎኝ ያሰራጭ ነበር። የአሜሪካ ድምፅ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1982 አማርኛውን ጀመረ። ዜና የጠማው ወደ እነዚህ ዞረ። መንፈሳዊ ቃል የጠማው ደግሞ ከሲሸልስ ደሴቶች ወደሚሰማው ፌባ ወደተባለው ጣቢያ ጆሮውን ሰጠ፤ በድብቅ፣ ድምፁን ቀንሶ፣ ጋቢ ተከናንቦ። ሰባው ወደ ኮሎኝና ወደ ዋሽንግተን ተሰደደ፤ ሠላሳው ወደ ህንድ ውቅያኖስ። ሁለቱ ዳግመኛ በአንድ ማዕድ አልተቀመጡም።

የዚህ መለያየት ጉዳት ለማን ነው ቢባል፣ ለሁለቱም ነው ባይ ነኝ። ሲሸልስ ድረስ ማዞሪያውን አዙሮ ቃል የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ የፈለገ ሰው ነው። ለእሱ ጣቢያው ምግብ ነበረ፤ በስደትና በእስር ዘመን ብዙ ሰው አጽናንቷል። ነገር ግን የመዘዞው አዛውንት እዚያ አልነበሩም። እሳቸው ዜና ሲጠብቁ በአጋጣሚ የሚሰሙ አድማጭ ነበሩ፤ ከ1969 በኋላ እንደ እሳቸው ላለ ሰው የሚናገር አልተገኘም። በሌላው ወገን ደግሞ ዜናው ከአጠገቡ ስለ ይቅርታ የሚያነሣ ጎረቤት አጣ። ቀይ ሽብር በሚታወጅበት፣ ልጅ በደጃፍ በሚወድቅበት ዘመን በአንድ ሞገድ ላይ ከዜናው በኋላ ሦስት ደቂቃ ስለ ሐዘንተኛ እናት የሚናገር አንድ ድምፅ ቢኖር ምን ይጠቅም ነበር? መንግሥት አይገለብጥም። የደርግ ሹማምንት ግን ያቺ ሦስት ደቂቃ ምን እንደምትሠራ ስለሚያውቁ ይመስለኛል ያልተዋት።

ደርግ በ1983 ሲወድቅ ብሥራተ ወንጌል አልተመለሰም። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የብሮድካስት አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 533 ለሃይማኖት ድርጅት የብሮድካስት ፈቃድ እንደማይሰጥ በግልጽ ደነገገ። አዋጁን ያወጡት ሰዎች በብዙ ሃይማኖት አገር ውስጥ ሞገድ የጠብ መሣሪያ እንዳይሆን መሥጋታቸው ከንቱ አይደለም፤ ሩዋንዳን ያየ ትውልድ ራዲዮን አቅልሎ አይመለከትም። ነገር ግን ውጤቱ ያው መለያየት ነው። ፌባም የሲሸልሱን ማሰራጫ እ.ኤ.አ. በ2003 ዘጋ። ከዚያ ወዲህ ሳተላይቱ መጣ። ኦርቶዶክሱም፣ ጴንጤውም፣ ካቶሊኩም፣ ሙስሊሙም የየራሱን ሰማይ ያዘ። አሁን ደግሞ ስልኩ አለ። በመዘዞ መንገድ በሚመላለስ ሚኒባስ ውስጥ ሾፌሩ ከፍላሽ መዝሙር ይከፍታል፤ ከጎኑ የተቀመጠው ወጣት ጆሮው ውስጥ ሌላ ሰባኪ አለው፤ ከኋላ ያለው ዜና ያያል። ለሁሉም የሚሆን ብዙ ነገር አለ፤ ሳይፈልጉት የሚሰማ ግን የለም። መቶ እጁን ስብከት የሚሰማና አንድም እጅ የማይሰማ ጎን ለጎን ተቀምጠው ይጓዛሉ።

ብሥራተ ወንጌልን እንደ ቅዱስ አድርጌ እንዳቀረብሁት የሚቆጥር አንባቢ አይጠፋም። የውጭ ገንዘብ ነበረው፤ የራሱ ዓላማ ነበረው፤ ሰባውም ቢሆን ለሠላሳው መንገድ እንዲጠርግ የታሰበ ነበር ብሎ የሚከራከር ሰው ቢመጣ ሙሉ በሙሉ ተሳስተሃል አልለውም። ይሁን እንጂ ሰውን በሚጠቅመው ነገር በኩል ቀርቦ ከዚያ ቃሉን መናገርና፣ ሰው ዜና በጠማው ጊዜ መፈክር ማጠጣት አንድ አይደሉም። ልዩነቱን መዘዞ ላይ ያሉ አዛውንት ያውቁታል፤ አንደኛውን «ምን ክፉ ነገር ተናገረች?» ሲሉት፣ ስለ ሁለተኛው ጠይቄያቸው «እሱንማ ዘጋነው» ነው ያሉኝ። ድንጋይ ለመቆጠብ ሲሉ መሆኑን ግን አልጨመሩም።

በ1969 ሃያ ዓመት የሞላው አድማጭ ዛሬ ሰባ ሊሞላው ቀርቧል፤ ወይም አልፎታል። የጣቢያውን ታሪክ የጻፉት በአብዛኛው የሠሩበት ሰዎች ናቸው። ሉንድግሬን ራሱ መጽሐፍ ጽፏል። የሰማው ሰው ግን አልጻፈም። በየትኛው ወንበር ተቀምጦ እንደሰማ፣ ከማን ጋር፣ ከየትኛው ዝግጅት በኋላ እንደዘጋው፣ ቃሏ ስታልፍ እናቱ ምን እንዳሉ፣ ቄሱ ሰምተው ተቆጥተው እንደሆነ፣ ወይስ እሳቸውም ማታ ማታ ይመጡ እንደነበረ የጻፈ የለም። መዘዞ ላይ ሦስት ሰው ጠይቄ ሦስት የተለያየ መልስ ይዤ ተመልሻለሁ። በሞላሌ፣ በመሐል ሜዳ፣ በደብረ ሲና፣ በአንኮበር ገና አልተጠየቀም። አባትዎ ወይም እናትዎ በሕይወት ካሉ፣ ዛሬ ማታ ከቡናው በኋላ ይጠይቋቸው።